ከጉርሻው በፊት የመድኃኒት ፌስታሉ፦ ምግብ አልወርድ ያለውን የካንሰር ታማሚ ለሚያስታምሙ

ካንሰሩ ተስፋፍቶ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ የምንሰጠው ማስታገሻ ሕክምና ነው» ካሉ በኋላ፣ ቤተሰብ በእጁ የቀረው ነገር ምግብ ብቻ ይመስለዋል። አጥሚቱ ይፈላል፤ የዶሮ ሾርባው ይሠራል፤ ጠያቂ ሁሉ አንድ ነገር ቋጥሮ ይመጣል፤ «በሞቴ! አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» እየተባለ ጉርሻ ይደቀናል። ታማሚው ፊቱን ያዞራል። ውሎ ሲያድር የምግቡ ጉዳይ ከበሽታው ባላነሰ ቤቱን ያስጨንቀዋል።

በፋርማሲ መስኮት ፊት የሚቆሙ አስታማሚዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ቫይታሚን አለ?» ብለው ነው። እኔም ደጋግሜ የምመልሰው «ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ ሰብስበው ያምጡልኝ» ብዬ ነው። ታማሚን ከምግብ የሚያጣሉት ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ የአፍ ቁስል፣ የጠፋ ጣዕም ናቸውና። ከእነዚህ ብዙዎቹን መድኃኒት ያመጣቸዋል፣ ያባብሳቸዋል፣ ወይም ያቃልላቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መድኃኒቱ ይፈተሽ፣ ከዚያ ምግቡ ይሰናዳ። ቀጥሎ ያለው መመሪያ አዋቂ ታማሚን ቤት ውስጥ ለሚያስታምም ሰው የተጻፈ ነው። የመድኃኒት መጠን መቀየር ሲያስፈልግ ግን ሁልጊዜ ከሐኪሙ ጋር ይሁን።

ክሳቱ ከየት እንደመጣ ይረዱ

የተስፋፋ ካንሰር ያለበት ሰው የሚከሳው ስላልበላ ብቻ አይደለም። በሽታው በሰውነት ውስጥ የሚቀሰቅሰው ብግነት የረሃብ ስሜትን ይዘጋል፤ ጡንቻንም ያሟሟል። ሐኪሞች ይህን ካኬክሲያ ይሉታል። አንድ ሰው ሳያስበው በ6 ወር ውስጥ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ካጣ፣ ለምሳሌ 60 ኪሎ የነበረው ከ57 በታች ከወረደ፣ ይህ ሁኔታ መጀመሩን ይጠረጥራሉ። ተራ ረሃብ ሲበሉ ይድናል፤ ካኬክሲያን ግን ምግብ ብቻውን አይመልሰውም። እየበላም የሚከሳ ታማሚ ሲያዩ ራስዎን አይውቀሱ፤ እሱንም «ስላልበላህ እኮ ነው» አይበሉት።

የሚበላበት ዓላማም እንደ ጊዜው ይለያያል። ታማሚው ገና የሚንቀሳቀስ፣ ኬሞቴራፒ ወይም ጨረር የሚወስድ፣ ወራት ከፊቱ ያሉት ከሆነ በቂ ጉልበትና ፕሮቲን እንዲያገኝ መትጋት ይገባል። አልጋ ላይ ከዋለና የቀረው ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ከሆነ ግን ምግቡ ለጣዕሙና ለደስታው ይሁን፤ ኪሎ መቁጠሩም ይቅር። የትኛው ላይ እንደሆናችሁ ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ መልሱን ሳያውቁ መታገል ግን ለታማሚውም ለእርስዎም የባሰ ሥቃይ ነው።

«ስኳር ካንሰርን ይመግባል» እየተባለ ማርና ስኳር የተከለከሉ ብዙ ታማሚዎች አሉ። የካንሰር ሴል ስኳር ይጠቀማል፤ ጤነኛው ሴልም ይጠቀማል። ከምግብ ሲቀርበት ሰውነት የራሱን ጡንቻ አፍርሶ ስኳር ይሠራል። የስኳር በሽታ የሌለበትን፣ እየከሳ ያለን ሰው ማር መከልከል ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አይታየኝም።

ለሦስት ቀን ይመዝግቡ

ወደ ፋርማሲ ከመሄድዎ በፊት በአንድ ደብተር ላይ ለሦስት ቀን ያህል ይጻፉ። በስንት ሰዓት ምን በላ? ግማሽ ስኒ ነው ሙሉ? የትኛውን መድኃኒት በስንት ሰዓት ወሰደ? መቼ አቅለሸለሸው፣ መቼ አስመለሰው? ለመጨረሻ ጊዜ ሰገራ የወጣው መቼ ነው? ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ቢለካ ስንት ይሆናል? «ምግብ አስጠላው» የሚል ሰው ብዙ ልረዳው አልችልም፤ «ጠዋት ይህን ኪኒን ከዋጠ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያቅለሸልሸዋል፤ ሆዱም ለአምስት ቀን ደርቋል» ለሚለኝ ግን የምሠራበት ነገር አገኛለሁ።

ክብደቱን በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ በዚያው ሚዛንና በዚያው ዓይነት ልብስ ይመዝኑት። እግሩ ካበጠ ወይም ሆዱ ውኃ ከቋጠረ ሚዛን ያታልላልና በልብስ ሜትር የክንዱን ውፍረት ይለኩ።

ፌስታሉን ይዘው ይሂዱ

ቤት ያለውን ሁሉ ይሰብስቡ፤ የሐኪሙን፣ ከሌላ ክሊኒክ የተሰጠውን፣ ጎረቤት ያቀበለውን፣ ልጅ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የላከውን ቫይታሚን፣ በብልቃጥ ያለውን ባህላዊ መድኃኒት ሳይቀር። ባዶ ካርቶንም ቢሆን አይጣል። በሆስፒታል ከሐኪሞች ጋር አልጋ ለአልጋ የሚዞሩ ክሊኒካል ፋርማሲስቶች ስላሉ «ፋርማሲስት ላነጋግር እፈልጋለሁ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በሰፈር ከሆነ አንድ ፋርማሲ መርጠው እዚያው ይጽኑ፤ ወረፋ በማይበዛበት ሰዓት ይሂዱ። እንዲህ ብለው ይጀምሩ፦ «እናቴ ካንሰር አለባት፤ ምግብ አይወርድላትም። የምትወስዳቸው እነዚህ ናቸው። ምግብ የሚያስጠላት ከመካከላቸው ይኖር ይሆን? የሚቀርስ አለ?»

ፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ ደጋግሜ የማየው ተመሳሳይ ነገር ነው። ሁለት ካርቶን ስማቸው የተለያየ፣ ሲነበቡ ግን ሁለቱም ኦሜፕራዞል ይሆናሉ። ለወገብ ሕመም ያለ ማዘዣ የተገዛ ዳይክሎፌናክ ይወጣል፤ ባዶ ሆድ ላይ ሲወሰድ ጨጓራን ያቃጥላል፣ ሊያደማም ይችላል። የብረት ኪኒን ይወጣል፤ ያቅለሸልሻል፣ ሆድም ያደርቃል። ትራማዶል አለ፤ አብሮት መታዘዝ የነበረበት የሆድ ማለስለሻ የለም። ሜትሮኒዳዞል አለ፤ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፣ ሾርባውም ያንኑ ጣዕም ይይዛል። ሜትፎርሚን አለ፤ ብቻውን የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። አንዳንዱ ከዓመታት በፊት ተጀምሮ ዛሬ ምንም የማይጠቅም ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሊመጣ ለሚችል የልብ ሕመም መከላከያ የሚሰጥ የኮሌስትሮል መድኃኒት ወራት ብቻ ለቀሩት ሰው ሆድ መሙያ ይሆናል።

አንዱን ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ታማሚው የስኳር በሽተኛ ሆኖ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ፣ ምግቡ በቀነሰ ጊዜ መድኃኒቱ በነበረበት መጠን መቀጠል የለበትም። የበላው ትንሽ፣ መድኃኒቱ ግን ሙሉ ሲሆን ስኳሩ ወርዶ ላብ በላብ ያደርገዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱንም ያስተዋል። ይህን «ካንሰሩ ነው» ብለው ያለፉት ቤተሰቦች አሉ። የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ ሰው ሲከሳ ግፊቱ ስለሚወርድ የድሮው መጠን ከአልጋ ሲነሳ አዙሮ ይጥለዋል። ሁለቱንም በራስዎ አያቁሙ፤ ፋርማሲስቱ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ እንዲያስተካክል በዚያው ቀን ይንገሩት።

ከፋርማሲው ሲወጡ በእጅዎ አንድ ወረቀት ይኑር። የትኛው መድኃኒት፣ በስንት ሰዓት፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ ለምን፤ በአማርኛ ተጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ። ከውጭ በመጣ ካርቶን ላይ «ጠዋት 8 ሰዓት» የሚለው በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ሁለቱን ማምታታት የዕለቱን መርሐ ግብር በሙሉ ያዛባል።

ምግብና መድኃኒት የሚጣሉባቸውን ሰዓቶችም አብረው ያስጽፉ። ካፔሲታቢን የተባለው የሚዋጥ ኬሞቴራፒ ከምግብ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ በውኃ ይወሰዳል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወተት፣ ከእርጎ ወይም ከብረት ኪኒን ጋር ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል፤ ለታማሚው ጉልበት ብለው ወተት የሚያበዙ ከሆነ ይህ በቀጥታ ይመለከትዎታል። የብረት ኪኒንን ሻይና ቡና ያከሽፉታል። ቢሳኮዲልን በወተት አይስጡ፤ ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ ሟሙቶ ቁርጠት ያመጣል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመኑን አንድ ሳምንት አብዝቶ ሌላ ሳምንት አይተወው፤ መጠኑ ወጥ ይሁን።

ከምግቡ በፊት ሆዱንና አፉን ያዘጋጁ

የሚያመው ሰው አይበላም። ሕመሙ ካልተገታ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመምን ደረጃ በደረጃ የማስታገስ መመሪያውን ካወጣ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከባድ የካንሰር ሕመም ዋናው መድኃኒት የሚዋጥ ሞርፊን ነው። ብዙ ቤተሰብ «ሞርፊን ከተጀመረማ አበቃለት» ብሎ ይፈራዋል፤ ታማሚው ሲያቃስት እያዩም ያስቀምጡታል። በተገቢው መጠን የተሰጠ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። ሕመሙ የቀለለት ሰው ተኝቶ ይነሳል፣ ያወራል፣ ይቀምሳል። ቶሎ የሚሠራው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ፣ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል። ሕመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚወጣና በየፋርማሲው የማይገኝ በመሆኑ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ፍለጋውን ይጀምሩ።

ሞርፊን ሲጀመር ሁለት ነገር ይጠብቁ። ማቅለሽለሹ ባብዛኛው ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንት ባለው ጊዜ ይተዋል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይተወውም። ስለዚህ ማለስለሻው፣ ቢሳኮዲልም ይሁን ላክቱሎስ ወይም ሴና፣ ከሞርፊኑ ጋር በመጀመሪያው ቀን መጀመር አለበት። ሳይታዘዝ ከቀረ «ማለስለሻውስ?» ብለው ይጠይቁ። ሰገራ የሞላው ሆድ ምግብ አይቀበልም፤ «አልፈልግም» የሚለው ታማሚ ስንት ጊዜ ሆዱ ከተከፈተለት በኋላ በራሱ አፍ ምግብ ጠይቋል! በዚህ ላይ አገሬው የሚያምነው ተልባ አለ። ተልባ ጥሩ የሚሆነው ብዙ ፈሳሽ ለሚጠጣ ሰው ነው። በቀን ሁለት ስኒ የማይጠጣ፣ ሞርፊን የሚወስድ ሰው አንጀቱ ውስጥ ተጋግሮ ሊቀር ስለሚችል አልመክረውም።

ለማቅለሽለሽ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙዎች ፕላሲል የሚሉት፣ ከታዘዘ ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል በፊት ይስጡት፤ ምግቡ ሲመጣ ጨጓራው ተዘጋጅቶ ይቆያል። ሆዱ ተነፍቶ፣ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ብሎ የሚያስመልሰው ከሆነ ግን ይህን መድኃኒት አይስጡት፤ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። አንገቱ ወይም መንጋጋው ያለፈቃዱ ከተጣመመበትም መድኃኒቱን አቁመው ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

አፉን በባትሪ ይዩ። ምላስና ጉንጩ ላይ እንደ እርጎ ነጭ ነገር ከተለጠፈ ፈንገስ ነው፤ በኒስታቲን ወይም በፍሉኮናዞል ይታከማል። ኒስታቲኑ ምግብ ከበላ በኋላ አፉ ውስጥ ተይዞ፣ ተንከባሎ ይዋጣል፤ ተውጦ ወዲያው ውኃ ከተጠጣበት አይሠራም። ለቁስልና ለመጥፎ ጣዕም በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ በተለይ ከምግብ በፊት፣ ይጉመጥመጥ። በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ።

የጡት ካንሰር ቆስሎ ሲሸት ታማሚዋ የራሷ ሽታ ምግቡን ያስጠላታል፤ ከሰውም ትሸሻለች። ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ የሚነሰነስ ሜትሮኒዳዞል ሽታውን የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ርካሽ ነው፣ በቀናት ውስጥም ለውጡ ይታወቃል። አጠቃቀሙን ፋርማሲስቱ ወይም ቁስሉን የምታጥበው ነርስ ያሳይዎት። ስለዚህ ነገር ሰው አፍሮ አይጠይቅም፤ እባክዎ ይጠይቁ።

ጥቂት ምግብ፣ ብዙ ጉልበት

50 ኪሎ የሚመዝን ታማሚ በቀን ከ1250 እስከ 1500 ኪሎ ካሎሪና ከ50 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ኩላሊቱ የታመመ ከሆነ ፕሮቲኑን ሐኪም ይወስን። ይህን በእንጀራና በወጥ መሙላት ለማይችል ሰው ሰሃኑን ከማተለቅ ይልቅ ስኒውን ማክበድ ይሻላል።

አጥሚትን እንይ። በውኃ ተፈልቶ ስኳር ጣል የተደረገበት አንድ ብርጭቆ ቀጭን የአጃ አጥሚት 100 ኪሎ ካሎሪ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ያንኑ 2 የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በ250 ሚሊ ሊትር ወተት ያብስሉት። ሲወርድ 2 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር ይጨምሩበትና ያማስሉት። ወደ 450 ኪሎ ካሎሪና 14 ግራም ያህል ፕሮቲን ይኖረዋል። እንዲህ ያለ ሦስት ብርጭቆ፣ በቡና ስኒ እየተከፋፈለ ቀኑን ሙሉ ቢጠጣ የቀኑን ጉልበት ከሞላ ጎደል ይሸፍናል፤ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ቢጨመርበት ፕሮቲኑም 50 ግራም ያልፋል። ቅባቱ ተቅማጥ ካመጣበት ይቀንሱት። በሶ በማርና በቅቤ፣ አቮካዶ በወተት፣ እርጎ በማር፣ ቀጭን ሽሮ በዘይት፣ ሁሉም በዚሁ ሐሳብ ይሠራሉ። በርበሬና ሚጥሚጣ የቆሰለ አፍን ይለበልባል፤ አልጫ ይሁን።

የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ማቅለሽለሽ ላለበት ሰው ከባድ ነው። ምግቡ ከታማሚው ክፍል ርቆ ይሠራ፤ ለብ ብሎ ወይም ቀዝቅዞ ይቅረብ። ብዙዎች ጠዋት ላይ ስለሚሻላቸው ትልቁ ምግብ ቁርስ ይሁን። በትንሽ ሰሃን ያቅርቡ፤ የተረፈውን ያለ ትችት ያንሱ። «በሞቴ» ከማለት «እማዬ፣ እርጎ ልስጥሽ ወይስ ቆየት ይበል?» ማለት ይሻላል። ጠያቂዎችንም በሩ ላይ ያስጠንቅቁ፤ ማብላት የእነሱ ሥራ አይደለም፣ ቁጭ ብለው ቢያጫውቱት ይበቃል።

ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ነጭ የደም ሴሉ ስለሚቀንስ ቁርጥ፣ ጥሬ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ ይቅርበት። ሕክምናው ቆሞ፣ ጊዜው አጥሮ «ክትፎ አማረኝ» ያለን ሰው ግን አልከለክልም፤ ለብለብ አድርገው ይስጡት።

ከውጭ የሚላኩት እንደ ኢንሹር ያሉ የዱቄት ምግቦች ጥሩ ናቸው፤ በግዴታ የሚያስፈልጉ ግን አይደሉም። ከገዙ ወይም ከተላከልዎ በካርቶኑ ላይ ባለው ልክ ይበጥብጡት። ሰዎች እንዲቆይላቸው ብለው ያቀጥኑታል፣ ያኔ የቀረው ውድ ውኃ ነው። ለተጎዱ ሕፃናት በነፃ የሚታደለውን ፕላምፒ ነት ከገበያ አይግዙ፤ ከሕፃን አፍ የተነጠቀ ሊሆን ይችላል። የሚሠራባቸው ኦቾሎኒ፣ የዱቄት ወተት፣ ስኳርና ዘይት ቤትም ይገኛሉ።

ለቀናት ምንም ያልቀመሰ ሰው ድንገት «ፍላጎቱ መጣ» ተብሎ አይጠቅጠቅ። የተራበ ሰውነት በአንዴ ብዙ ምግብ ሲገባበት በደም ውስጥ ያሉ ማዕድናት ተዛብተው ልብን ሊያውኩ ይችላሉ። ቀስ ብሎ ይጀመር፤ ቫይታሚን ቢ1 ቀድሞ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ፆም፣ ፀበልና ባህላዊ መድኃኒት

እነዚህን ለፋርማሲስት የሚነግር ሰው ጥቂት ነው፤ «ይቆጣኛል» ተብሎ ይደበቃል። ደህና ባለሙያ አይቆጣም። ዐቢይ ፆም ሲገባ እስከ 9 ሰዓት ምንም የማይቀምስ ታማሚ የጠዋት መድኃኒቱን ወይ ይተወዋል ወይ በባዶ ሆዱ ይውጠዋል፤ ከምግብ በኋላ መወሰድ ያለበት ከሆነ ሁለቱም ይጎዱታል። መጀመሪያ የንስሐ አባቱን ያነጋግሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምታዝን ናት፣ ብዙ ካህናትም «መድኃኒትህን ውሰድ፣ ብላ» ይላሉ። እስልምናም ለታመመ ሰው ረመዳንን እንዲያፈጥር ፈቅዷል። ታማሚው ግን «ልፁም፣ ከፆሙ አልለይ» ካለ ውሳኔው የእሱ ነው። ያኔ ፋርማሲስቱ ሰዓቱን ያሸጋሽግ፣ እርስዎ ምግቡን ይቀይሩ። 2 የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 1 ማንኪያ ዘይትና 1 ማንኪያ ስኳር የገባበት የአጃ አጥሚት ያለ ወተትም ከ400 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይሰጣል። ሱፍ፣ ሰሊጥ፣ ምስር፣ አቮካዶም አሉ።

ፀበል የሚሄድ ታማሚ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትን ከፀበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለካንሰር ታማሚም ይህንኑ ማስታወስ ይጠቅማል። በተለይ ሞርፊን ለሳምንታት የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ካቋረጠ ሕመሙ ይመለሳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥም ይጨመርበታል። ፀበሉን በባዶ ሆድ በብዛት ጠጥቶ ማስመለሱ ደግሞ የደከመ ሰውን ያደርቀዋል፤ በጥቂቱ ይጠጣ።

ባህላዊ መድኃኒትን በተመለከተ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን እንደሆነና ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ይንገሩን። የሚያስቀምጡና የሚያስመልሱ ዕፆች ለከሳ ሰው አደጋ ናቸው። በጉበት የሚጣሩት ደግሞ ከኬሞቴራፒው ጋር ሊጋጩ ይችላሉ።

መዋጥ ካቃተው

የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ በብዛት ይታያል። ታማሚዎቹ መጀመሪያ እንጀራ፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ በመጨረሻ ምራቅ ያንቃቸዋል። ፈሳሽ ብቻ የሚወርድበት ጊዜ ላይ ሳይደረስ ቱቦ ማስገባት ወይም ቧንቧውን ማስፋት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ዘግይቶ መጠየቅ ምርጫውን ያጠብባል።

ቤተሰብ ኪኒን አልዋጥ ሲል የሚያደርገው መጀመሪያ ነገር መፍጨት ነው። ከመፍጨትዎ በፊት ይደውሉ። ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ሞርፊን ከተፈጨ የ12 ሰዓቱ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ሊገድል ይችላል። የኬሞቴራፒ ኪኒን ሲፈጭ ብናኙ አስታማሚውን ይጎዳል። የኦሜፕራዞል ካፕሱል ተከፍቶ ፍሬዎቹ በለስላሳ ምግብ ላይ ሊደረጉ ይችላሉ፤ ፍሬዎቹ ግን አይፈጩም። ለብዙዎቹ ሽሮፕ ወይም ሌላ አማራጭ ይገኛል።

በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል በቱቦ የሚመገብ ከሆነ መድኃኒቱን ከምግቡ ጋር አይቀላቅሉ። ቱቦውን በ30 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ንጹህ ውኃ ያጥቡ፣ አንዱን መድኃኒት ይስጡ፣ በትንሽ ውኃ ያጥቡ፣ ሁለተኛውን ይስጡ፣ በመጨረሻም በ30 ሚሊ ሊትር ያጥቡ። ሲመገብና ከዚያም በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ትራስ ደግፈው ቀና ያድርጉት። የቱቦው ጫፍ ጨጓራ ውስጥ ነው ወይስ አንጀት? ይህንንም ለፋርማሲስቱ ይንገሩ፤ አንዳንድ መድኃኒት አንጀት ላይ በቀጥታ ሲደርስ ሥራው ይለወጣል።

«ግሉኮስ ይሰቀልለት» ከማለትዎ በፊት

በአንድ ሊትር የ5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ 200 ኪሎ ካሎሪ አይሞላም፣ ፕሮቲን ደግሞ የለውም። አንድ ብርጭቆ የከበደ አጥሚት ይበልጠዋል። በተቅማጥ ወይም በማስመለስ ውኃው ላለቀ ሰው ፈሳሽ ይጠቅመዋል። መጨረሻው ለተቃረበ ሰው ግን ልብና ኩላሊቱ ስለማይችሉት እግሩን ያሳብጣል፣ ሳንባውን ሞልቶ ትንፋሹን ያስጨንቃል። በደም ሥር የሚሰጥ ሙሉ ምግብም በሆስፒታል፣ ለተመረጡ ታማሚዎች ብቻ የሚሆን ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አይመከርም።

የምግብ ፍላጎት የሚከፍቱ መድኃኒቶች አሉ። ዴክሳሜታዞን በጥቂት ቀናት ውስጥ ፍላጎት ይጨምራል፤ ጥቅሙ ግን ሳምንታት ቆይቶ ይደበዝዛል፣ ስኳር ያወጣል፣ የአፍ ፈንገስ ያመጣል፣ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲቆይም በድንገት አይቋረጥም። በሕንድ ተሠርቶ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ በቀን 2.5 ሚሊ ግራም ኦላንዛፒን ኬሞቴራፒ የጀመሩ ታማሚዎችን ፍላጎትና ክብደት እንደጨመረ አሳይቷል። የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርም በዚያው ዓመት ምክሩን አሻሽሏል። ስለዚህ መድኃኒት ሐኪሙን ይጠይቁት። «ያወፍራል» እየተባለ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ኪኒን ግን አይግዙ።

ሳይውሉ ሳያድሩ

ኬሞቴራፒ ላይ ሆኖ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፤ ምራቁን እንኳ መዋጥ ካቃተው፤ ሆዱ ተነፍቶ ጋዝ አልወጣ ካለና ካስመለሰው፤ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፤ ጥማት፣ የሆድ ድርቀትና መቃዠት አንድ ላይ ከመጡ፤ ሞርፊን ወስዶ ሲቀሰቅሱት የማይነቃና ትንፋሹ የተራራቀ ከሆነ፣ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

የመጨረሻዎቹ ሳምንታት

ሰውነት ለመሰናበት ሲዘጋጅ ረሃብና ጥማት ቀስ እያሉ ይተዋሉ። በግድ የሚገባ ምግብ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል እንጂ ዕድሜ አይጨምርም። ከንፈሩን በቫዝሊን ያለስልሱ፤ አፉን በረጠበ ንጹህ ጨርቅ በየጊዜው ያርሱ፤ ከፈለገ በማንኪያ ጫፍ የሚወደውን ያቅምሱት። በዚህ ጊዜ የመድኃኒቱን ዝርዝር እንደገና ለማየት ፋርማሲስቱንና ሐኪሙን ያነጋግሩ። ቫይታሚኑ፣ ብረቱ፣ የኮሌስትሮሉ መድኃኒት ይቀራሉ። የሕመም፣ የማቅለሽለሽና የጭንቀት ማስታገሻዎች ግን ይቀጥላሉ፤ መዋጥ ቢያቅተውም በሌላ መንገድ ሊሰጡ ይችላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት የማስታገሻ አገልግሎት ይሰጣል። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥተው ማደሪያ ላጡ ደግሞ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መጠየቅ ይቻላል።

ታማሚው ካረፈ በኋላ የተረፈውን ሞርፊንና ኬሞቴራፒ ለሌላ ታማሚ አይስጡ፣ ቆሻሻ ውስጥም አይጣሉ፣ ሕፃናት ከሚደርሱበት ቦታ አይተዉት። ቆጥረው፣ ከነካርቶኑ ወደተሰጠበት ጤና ተቋም ፋርማሲ ይመልሱ።